ፀሓይን በመድፍ የሚቀበሉ ሰዎች ፤ የሰሜን ዳርቻ ጸደይ

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉት ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ 25 ቀን ድረስ ነው ይላሉ። በእኛ አገር ይህ ወራት ገበሬው ሰማዩን እየተመለከተ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያሰናዳበት ጊዜ ነው። እጅግ ሩቅ በሆነው በሰሜን ዳርቻ ግን ጸደይ በቀን ቍጥር ብቻ የሚታወቅ አይደለም። የዚያ አገር ሰዎች መምጣቱን የሚያውቁት በወፍ ድምፅ፥ በዓሣ መቅረብና በአጋዘን መነሣት ነው። አውሬንና ወፍን ተመልክቶ ወራትን ማወቅ ለእነርሱ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የቤታቸው እንጀራ ስለ ሆነ፥ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የዚያን አገር ኑሮ ለክቡራን አንባብያን ልናስረዳ ወደድን። ወራቱን በእኛ አቈጣጠር፥ ዓመታቱን ግን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

በኖርዌይ መንግሥት ሰሜናዊ ምሥራቅ ጫፍ፥ ፊንማርክ በሚባለው አውራጃ፥ ቫራንገር የሚሉት ወደ ባሕር የገባ ምድር አለ። በዚህ ምድር መጨረሻ ላይ ቫርዶ የምትባል በደሴት ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ሕዝቧ 2000 ያህል ሲሆን፥ አብዛኛው ዓሣ በማጥመድና ከዓሣ በሚገኝ ሥራ ሲተዳደር የኖረ ነው። ቀድሞ ወደ ከተማዪቱ የሚደረሰው በጀልባና በመርከብ ብቻ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ግን ከባሕሩ በታች ዋሻ ተፈልፍሎ የመኪና መንገድ ተሠራላት፤ ይህም በኖርዌይ አገር ከባሕር በታች ከተሠሩት መንገዶች የመጀመሪያው ነው። ነፋሱ ብርቱ ስለ ሆነ በደሴቲቱ ላይ እንደ እኛ አገር ጥላ የሚጥል ደን አይታይም። ነገር ግን ከደቡብ የሚመጣ ሞቃት የባሕር ወንዝ ዳርቻዋን ስለሚነካ፥ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ ባሕሩ አይረጋም። የዚያ አገር ሕይወት ሁሉ በዚህ ምክንያት ዐይኑን ወደ ባሕር ያቀና ነው።

በቫርዶ ፀሓይ ከኅዳር አጋማሽ ጀምራ እስከ ጥር 12 ቀን ገደማ ድረስ ከአድማስ በላይ አትወጣም። እኩለ ቀን ሲደርስ ሰማዩ በደቡብ በኩል ጥቂት ይፈካል፤ ወዲያውም መልሶ ይጨልማል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጨለማ ነው፤ የሚመለሱትም በጨለማ ነው። ስለዚህ በየቤቱ መስኮት አጠገብ መብራት ይቀመጣል፤ መንገደኛውም የሰው ቤት ብርሃን እያየ ልቡ ይጽናናል። እናቶችም ለልጆቻቸው ጧት ጧት አንድ ማንኪያ የኮድ ዓሣ ጕበት ዘይት ያጠጣሉ። የቀድሞ ሰዎች በፈረንጅ ስማቸው ውስጥ «አር» የሚባለው ፊደል ባለባቸው ወራት ሁሉ፥ ይኸውም ከሴፕቴምበር እስከ አፕሪል ድረስ፥ ይህ ዘይት መጠጣት አለበት ሲሉ ኖረዋል። የሕክምና ሊቃውንትም ኋላ መርምረው ነገሩ እውነት ሆኖ አገኙት፤ ምክንያቱም የሰው ሰውነት ከፀሓይ ብርሃን የሚሠራውና አጥንትን የሚያጠነክረው ቪታሚን ዲ በዚህ ዘይት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ጣዕሙን የሚወድ ልጅ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ይጠጡታል።

ፀሓይ የምትመለስበትን ቀን የቫርዶ ሰዎች በክብር ይቀበሉታል። በከተማዪቱ ውስጥ ከ1734 እስከ 1738 ዓ.ም. የተሠራ፥ ባለ ስምንት ማዕዘን ኮከብ የሚመስል አንድ ምሽግ አለ። ከምሽጉ ቅጥር ላይ የፀሓይ ክበብ ሙሉ ሆኖ በታየበት በመጀመሪያው ቀን መድፍ ይተኰሳል፤ የትምህርት ቤት ልጆችም ዕረፍት ይሰጣቸዋል። ደመና ከሆነ ቀኑ ይተላለፋል፤ ሰዉም እስኪታይ ድረስ ይጠብቃል። ለጠላት የተዘጋጀ መድፍ ለፀሓይ ሰላምታ ሲተኰስ መስማት ለልጅ እንዴት ያለ ትዝታ እንደሚተው ማሰብ አያስቸግርም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ልጆቹ ከዚህ ልማድ የሚማሩት ነገር አለ፤ ይህም የተጠበቀውን ነገር ራሳቸው በዐይናቸው ካላዩት በቀር መጣ ብለው አለመናገር ነው።

ነገር ግን ፀሓይ ተመለሰች ማለት ጸደይ ገባ ማለት አይደለም። በዚያ አገር ብርሃን ከሙቀት አስቀድሞ ይመጣል። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ በፍጥነት ይረዝማል፤ በረዶው ግን ገና ወፍራም ነው፤ ነፋሱም ፊትን ይገርፋል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የሚመጣው ከባሕር ነው። ካፕሊን የሚባል፥ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ፥ ብር የመሰለ ዓሣ ከባረንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቍላሉን ሊጥል ወደ ዳርቻ ይቀርባል። ኮድ የተባለው ትልቅ ዓሣ ይህን ትንሹን ሊበላ ይከተለዋል፤ የባሕር ወፎች ከላይ ሆነው ያሳድዱታል፤ ዓሣ አጥማጁም ወፎቹን ተመልክቶ ጀልባውን ያቀናል። ወፎች ተሰብስበው ወደ ውኃው ሲወረወሩ ያየ ሰው ከበታቻቸው ዓሣ እንዳለ ያውቃል። በዚህ ዘመን የዓሣውን መንጋ በድምፅ የሚያሳይ መሣሪያ በየጀልባው አለ፤ ይሁን እንጂ ዐዋቂ አጥማጅ ዛሬም ሰማዩን ሳያይ አይወጣም።

የዓሣው ወራት ሲደርስ ሥራው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። በእራት ጊዜ የተቀቀለ ኮድ ከጕበቱና ከእንቍላሉ ጋር ይቀርባል፤ ይህም የአገሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚናፍቀው ምግብ ነው። በሰሜን ኖርዌይ የኮድን ምላስ ቈርጦ መሸጥ ከጥንት ጀምሮ ለልጆች የተተወ ሥራ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የላስቲክ ልብስ ለብሰው፥ ስለት ይዘው በወደብ ይቆማሉ፤ የሸጡበትንም ገንዘብ ራሳቸው ይወስዳሉ። ሌላው ዓሣ ደግሞ ጨው ሳይነካው ሁለት ሁለቱ በጅራት እየታሰረ ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ መስቀያ ላይ ይንጠለጠላል፤ ነፋስና ብርድም እስከ ሰኔ ድረስ ያደርቁታል። ለዚህ ሥራ ጊዜውን መምረጥ ያሻል። ብርዱ ከጸና ሥጋው ይበላሻል፤ ሙቀት ከገባ ዝንብ ይወርደዋል። ስለዚህ የጸደይን አካሄድ በትክክል ያላወቀ ቤት የዓመት ድካሙ ሊጠፋበት ይችላል።

ከቫርዶ ወደብ በጀልባ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢሄዱ ሆርንዮያ ወደምትባል ደሴት ይደረሳል። ይህች ደሴት ገደል ናት፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮም በሕግ ተከልላ ትጠበቃለች። ከብርድ ወራት መጨረሻ አንሥቶ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ የባሕር ወፎች እየመጡ ገደሉን ይሞሉታል። አስቀድሞ የሚመጣው ጊሊሞት ነው፤ ጀርባው ጥቍር፥ ደረቱ ነጭ፥ አቋሙ ቀጥ ያለ ወፍ ነው። ጐጆ አይሠራም፤ አንዲት እንቍላሉን በባዶ ዐለት ላይ ይጥላል። እንቍላሉ በአንድ ወገን ሾጠጥ ያለ ሲሆን፥ መልኩና ነጠብጣቡ ከእናት እናት ስለሚለያይ እያንዳንዱ ወፍ የራሱን ከሺህ መካከል ይለያል። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆነው ገና መብረር ሳይችል ከገደሉ ወደ ባሕር ይዘላል፤ ከዚያ በኋላ በውኃ ላይ እየመገበ የሚያሳድገው አባቱ ነው። አባት የልጅን ነገር ለእናት ብቻ የሚተው ከሆነ ከዚህ ወፍ ሊማር ይችላል።

ከጊሊሞት በኋላ ፓፊን ይመጣል። ይህ ወፍ አፉ ሰፊና ባለ ቀለም ነው፤ ነገር ግን ያን ጌጥ የሚለብሰው ለጸደይ ብቻ ሲሆን፥ በመከር ጊዜ የአፉ ቀለማም ሽፋን ይወልቃል። መሬት ቈፍሮ በጕድጓድ ውስጥ አንዲት እንቍላል ይጥላል። ኪቲዌክ የምትባለውም ትንሽ ነጭ የባሕር ወፍ ጭቃና ሣር በአፏ እያመላለሰች በገደሉ ጠርዝ ላይ ጐጆዋን ትለጥፋለች፤ ስሟንም ያገኘችው ከጩኸቷ ነው። ሆርንዮያን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በቫርዶና በአካባቢዋም ከነፋስ የሚከልሉ ትንንሽ የእንጨት መጠለያዎች ተሠርተውላቸዋል። ተመልካቹ ከተመለከተለት መንገድ አይወጣም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ወፎቹ ከተደናገጡም ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ጊሊሞት ደንግጦ ሲነሣ እንቍላሉ ሊወድቅ ይችላልና፥ ትዕግሥት የሌለው ተመልካች የሚያየውን ነገር ራሱ ያጠፋል።

ከባሕሩ ዳርቻ ትተን ወደ ውስጥ ስንገባ የሳሚን ሕዝብ አገር እናገኛለን። ሳሚዎች በኖርዌይ፥ በስዊድን፥ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜን ከጥንት ጀምረው የሚኖሩ ባላገሮች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የሰሜን አጋዘን ያረባሉ። እነርሱ ዓመቱን በስምንት ይከፍሉታል፤ በብርድ ወራትና በጸደይ መካከል ላለው ጊዜ እንኳ ለብቻው ስም ሰጥተው ጊዳዳልቪ ይሉታል፤ ይህም የጸደይ ብርድ እንደ ማለት ነው። በዚህ ወራት ቀን ፀሓይ በረዶውን በላዩ ታቀልጠዋለች፤ ሌሊት ደግሞ ብርድ መልሶ ያደነድነዋል። የደነደነውም ቅርፊት ሰውንና አጋዘንን ስለሚችል መንጋው ከውስጠኛው የብርድ ወራት ግጦሽ ወደ ባሕር ዳርቻው የበጋ ግጦሽ የሚጓዘው ያን ጊዜ ነው፤ በተለይም በሌሊት። ጉዞውን የምትመራው እርጉዟ አጋዘን ናት። እረኛው መቼ እንደምትነሣ ተጠባብቆ ይከተላታል እንጂ ያለ ጊዜዋ አይነዳትም። ዛሬ እረኞች በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ይጓዛሉ፤ የመነሻው ቀን ግን አሁንም በእርሷ እጅ ነው።

አጋዘኖቹ የሚወልዱት በግንቦት ነው። ወንዱ ቀንዱን ብርድ ሳይበረታ ይጥላል፤ እርጉዟ ሴት ግን እስክትወልድ ድረስ ቀንዷን ይዛ ትቈያለች። በዚህም በረዶውን በኮቴዋ ቈፍራ ያገኘችውን፥ ሽበት የሚመስለውን የመሬት ዕፅ ሌላው እንዳይቀማት ትከላከላለች። በዚህ ወራት ሰው ወደ መንጋው እንዲቀርብ አይፈቀድለትም፤ እናቲቱ ከሸሸች ግልገሏን ልትጥል ትችላለችና። በኖርዌይም ሕግ ከመጋቢት 23 ቀን እስከ ነሐሴ 14 ቀን ድረስ ውሻ ሳይታሰር በዱር አይለቀቅም። በሳሚዎች ዘንድ ልጅ ገና ሕፃን ሳለ የራሱ የሆነ የጆሮ ምልክትና አጋዘን ይሰጠዋል። ልጁ ሲያድግ በብዙ መቶ ከሚቈጠር መንጋ መካከል የራሱን ለይቶ ማወቅ አለበት። እኛ አገር አንድ ልጅ በስሙ ጥጃ ሲሰጠው ከብቱን ሁሉ በሌላ ዐይን ማየት እንደሚጀምር፥ በዚያም እንዲሁ ነው።

እስካሁን የተናገርነው የቀደመውና ዛሬም ያልጠፋው ሥርዓት ነው። ነገር ግን አንባብያን ሊያውቁት የሚገባ አሳዛኝ ነገር አለ። በ2022 ዓ.ም. የወጣ የሊቃውንት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የሰሜን ዋልታ ዙሪያ ከ1979 ዓ.ም. ወዲህ ከቀረው ዓለም አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሞቋል። ሙቀት መጨመሩ ለብርድ አገር ሰው መልካም ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም በብርድ ወራት መካከል ዝናብ ይዘንባል፤ ወዲያውም ይረጋና መሬቱን እንደ መስታወት በሆነ ወፍራም በረዶ ይሸፍነዋል። አጋዘኑ ምግቡን ከበታቹ እያሸተተ በኮቴው ሊሰብረው አይችልም። ሳሚዎች እንዲህ ያለውን ክፉ ዓመት ጎዋቪ ይሉታል። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር መገናኛ ላይ በሩሲያ በያማል ምድር እንዲህ ያለ ዝናብ ዘንቦ፥ በተከታዩ ጊዜ 61,000 የሚሆን የሰሜን አጋዘን በረኃብ አለቀ። በፊንማርክም በ2020 ዓ.ም. የብርድ ወራት ግጦሹ ስለ ተዘጋ እረኞች ለመንጋቸው መኖ ለማመላለስ ተገደዱ። መንጋው ለእረኛው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው፥ ልብሱና የልጆቹ ውርስ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

በባሕሩም በኩል እንዲሁ ሐዘን አለ። በኖርዌይ ዳርቻ ኪቲዌክ፥ ፓፊንና ጊሊሞት ሦስቱም ሊጠፉ ያሰጋል ተብለው በ2021 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት መዝገብ ተጽፈዋል። በ2023 ዓ.ም. የወፍ በሽታ ወደ ቫራንገር ገብቶ ብዙ ሺህ ኪቲዌኮችን ገደለ። ከገደላቸው የተሰደዱ ኪቲዌኮች ደግሞ በከተሞች ቤት መስኮት ላይ ጐጆ መሥራት ጀምረዋል። ጩኸታቸውና ኩሳቸው ሰውን ስለሚያስቸግር በመንገድ ላይ ክርክር ይነሣል። በትሮምሶ ከተማ ግን ወፎቹን ከማባረር ይልቅ ጐጆ የሚሠሩበት ከእንጨት የተሠራ ቤት ለብቻቸው ቆሞላቸዋል። ጎረቤት የሆነን ፍጥረት ሳያጠፉ የራስን ቤት ማክበር እንደሚቻል ይህ መልካም ምሳሌ ነው።

እነዚህ ጥፋቶች የታወቁት ከዓመት እስከ ዓመት ጐጆ የሚቈጥሩ፥ ቀን የሚጽፉ፥ የሞተውን ከሕያው የሚለዩ ተመልካቾች ስላሉ ነው። የበረዶ ድንቢጥ የሚሏት ነጭና ጥቍር ትንሽ ወፍ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ስትመጣ፥ ልጆች ማን አስቀድሞ እንዳያት ይወዳደራሉ፤ ወላጅም ቀኑን ይጽፋል። ይህ የልጆች ውድድር ለብዙ ዓመት ከተጻፈ ጸደይ መቼ ይመጣ እንደ ነበረና አሁን መቼ እንደሚመጣ የሚመሰክር መዝገብ ይሆናል። ያልተመለከተ ሰው የጠፋበትን እንኳ አያውቅም።

በግንቦት 9 ቀን ኖርዌዮች በ1814 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታቸውን የጻፉበትን በዓል ያከብራሉ። ልጆች ባንዲራ ይዘው በሰልፍ ይሄዳሉ፤ በቫርዶ አንዳንድ ጊዜ በረዶ እየጣለባቸው እንኳ ሰልፉ አይቀርም። በዚያው ሰሞን ፀሓይ መጥለቋን ትተዋለች፤ እስከ ሐምሌ 20 ቀን ገደማም እኩለ ሌሊት ላይ ትታያለች። እናቶች ልጆቻቸው እንዲተኙ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ይሸፍናሉ፤ ልጆቹ ግን ብርሃኑን እያዩ ገና ቀን ነው ብለው ይከራከራሉ።

በመጨረሻ ለእኛ አንባብያን ቅርብ የሆነውን ነገር እናንሣ። በግንቦት በረዶው ሲቀልጥ በቫራንገር ረግረግ ላይ ከአፍሪካ የሚመለሱ ወፎች ይወርዳሉ። ራፍ የሚባለው የውኃ ዳር ወፍ ይመጣል፤ ወንዱ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ካባ ላባውን ነፍቶ በሴቶቹ ፊት ይፎካከራል። ጕሮሮዋ ቀይ የሆነች ትንሽ የሜዳ ወፍ፥ ደግሞም ጅራቷን ዘወትር የምትነቀንቅ ሆደ ቢጫ ወፍ ይመጣሉ። የእነዚህ የሦስቱ ወገኖች ብርዱን የሚያሳልፉት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር በኢትዮጵያም ነው። ራፍን በዝዋይና በአብያታ ሐይቅ ዳር፥ ሁለቱን ትንንሾች ደግሞ በደጋው መስክ ከከብት እግር አጠገብ ትል ሲለቅሙ እናያቸዋለን። የቫርዶ ልጅ በግንቦት እንግዳ ብሎ የሚቀበለውን ወፍ የእኛ እረኛ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ በመስኩ አሳድሮታል ማለት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው አንድ ደብተር እንዲሰጧቸው እንመክራለን። በመስከረም ሆደ ቢጫዋ ወፍ በመስኩ ላይ መጀመሪያ የታየችበትን ቀን ይጻፉ፤ በሚያዝያም መጨረሻ የታየችበትን ቀን ይጨምሩ። ዓመት በዓመት ይህን ያደረገ ቤት በጥቂት ገንዘብ ታላቅ ዕውቀት ያተርፋል። ልጅ ወፏ ከመስክ ጠፍታ «ወዴት ሄደች?» ብሎ በጠየቀ ጊዜም ወላጅ የሚመልሰው አያጣም፤ በረዶ ወደሚቀልጥበት፥ ፀሓይን በመድፍ ወደሚቀበሉበት አገር ሄዳለች፤ እዚያም ቀኑን ጽፎ የሚጠብቃት ልጅ አለ።